ስምንት ሸረሪቶች

ሰውየው የሚተዳደረው በመቁጠር ነው። በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ ነጭ የደም ሴሎችን በየዓይነታቸው ይለያል፤ መቶ ሲሞላ ውጤቱን ጽፎ ወደሚቀጥለው መስታወት ያልፋል። ይህን የሚሠራው ማሽን ከተበላሸ ሰባት ወር ሆኖታል። ጠጋኙ "መለዋወጫው መንገድ ላይ ነው" ካለ ደግሞ ስድስት ወር። ባልደረቦቹ "መለዋወጫው በእግሩ እየመጣ መሆን አለበት" እያሉ ይቀልዳሉ። እሱ ለመሳቅም አቅም አጥቷል። ዓርብ ሌሊት ተረኛ ስለሆነ ቅዳሜ ጠዋት ከዚያ ሲወጣ ዓይኑ ደም ለብሶ፣ አንገቱ እንደ ዛገ ማጠፊያ እየተንቋቋ ነው።

ቢሆንም ቅዳሜን ለማንም አያስነካም። ቅዳሜ ከልጁ ጋር የሚውልበት ቀን ነው። ከእናቷ ጋር ከተለያዩ አምስት ዓመት አልፏል። ልጅቷ አሁን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከእናቷ ጋር ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ትኖራለች። ከሳምንቱ ለአባት የደረሰው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በዚያ ጊዜ ምን እንደሚያደርጉበት አያውቁም ነበር። ጭማቂ ቤት ፊት ለፊት ይቀመጣሉ።

"ትምህርት እንዴት ነው?"

"ጥሩ ነው።"

"እናትሽስ?"

"ደህና ናት።"

ከዚህ በኋላ ሦስት ሰዓት ከሃምሳ አምስት ደቂቃ ይቀራል።

ያዳናቸው ዝናብ ነው። አንድ ቅዳሜ ዶፍ ሲወርድባቸው ሮጠው አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ገቡ። ከፎቶ ኮፒው ማሽን ጀርባ ባለ ጠባብ ክፍል ስድስት ጠረጴዛ ተደርድሮ፣ ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው ካርድ እየጣሉ ይጯጯሃሉ። ልጅቷ አንገቷን አስግጋ አየች። ዝናቡ ቆመ፤ እነሱ አልወጡም። ከዚያን ቀን ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜያቸው እዚያ ሆነ።

ጨዋታው የአውሬ ካርድ ይባላል። ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው አርባ ካርድ ያለው ጥቅል ይዘው ይቀመጣሉ። በየካርዱ ላይ ከጉንዳን እስከ ዝሆን አንድ ፍጡር አለ። ደካማው ቶሎ ሜዳ ይወርዳል፤ ብርቱው በየዙሩ ጥቂት ጥቂት ከሚጠራቀመው መኖ ብዙ ስለሚጠይቅ ይዘገያል። ሁሉም ሃያ ነጥብ ይዞ ይጀምራል፤ የባላጋራው አውሬዎች ነክሰው ነክሰው ዜሮ ያደረሱት ይሸነፋል። ጥቅሉን እያንዳንዱ ተጫዋች ራሱ ያዋቅራል፤ ካርድ ይገዛል፣ ይለዋወጣል፣ ያወጣል፣ ያስገባል። ጨዋታው የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው የሚሉም አሉ።

የልጅቷ ጥቅል የሌሊት ወፍ ነው። ከወዳደቁ ካርዶች ተነስታ፣ አንዱን በሁለት፣ ሁለቱን በአንድ የተሻለ እየለወጠች ያቆመችው። የሌሊት ወፍ በምድር እንስሳት ጭንቅላት ላይ በርሮ ያልፋል፤ የሚያግደው ሌላ የሚበር ወይም ድር ያለው ብቻ ነው። የአባቷ ጥቅል ጉንዳን ነው፤ ምክንያቱም ጉንዳን በመደብሩ ካርቶን ውስጥ በአንድ እስክሪብቶ ዋጋ ሦስት ይገኛል።

"አባዬ፣ እነዚህ ጉንዳኖችህ ደሞዝ አልተከፈላቸውም እንዴ?" ትለዋለች። "ምን ያንቀረፍፋቸዋል?"

"ሌሊት ተረኛ ነበሩ።"

ይሄኔ ትስቃለች። እሱ ለዚያች ሳቅ ነው አንገቱን እያሸ የሚመጣው።

ችግሩ የመጣው ልጅቷ ጎበዝ ከመሆኗ ነው። በየሦስት ወሩ ባለ መደብሯ ማጣሪያ ታዘጋጃለች። አሥራ ሁለት ሰዎች አራት አራት ግጥሚያ ይገጥማሉ፤ ሦስት ያሸነፈ ወደ ላይኛው ምድብ ያልፋል። የላይኛው ምድብ የሚጫወተው ሌላ ሰፈር ባለ አዳራሽ ነው፤ ቀኑ ቅዳሜ፣ ሰዓቱ ከሰባት እስከ አንድ። ከተጫዋች በቀር ሰው አያስገቡም። ልጅቷ ባለፈው ማጣሪያ ሁለት አሸንፋ ለጥቂት ቀርታለች። በሚቀጥለው እንደምታልፍ የማይጠረጥር የለም። ካለፈች ቅዳሜ አለቀ።

"አብረን እንለፍ፣" አለችው አንድ ቀን፣ አውቶቡስ ሲጠብቁ። "ጥቅልህን አሻሽለውና ና።"

"በምን ገንዘብ?"

"ብልጭልጩን ግዛ አላልኩህም። አስበህ አሻሽለው። አንተ ማሰብ ታውቅ የለ?"

ብልጭልጭ የምትለው ጠርዛቸው በወርቅማ ቀለም የተሠራ ብርቅ ካርዶችን ነው። መስታወት ሣጥን ውስጥ የተቆለፈ አንድ አንበሳ አለ። ሰውየው ዋጋውን የሰማ ቀን፣ "እትዬ፣ ይሄ አንበሳው ብቻ ነው ወይስ ከእነ መደብሩ?" ብሎ ባለ መደብሯን በሳቅ አፍርሷታል። እሱ የሚችለው በሳምንት አንድ ምሳ መዝለል ነበር። የአንድ ምሳ ዋጋ ከካርቶኑ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ደህና ካርድ ያመጣል። ለማጣሪያው የቀረው ስምንት ሳምንት ነው፤ እንግዲህ ስምንት ምሳ።

ሥራውን የጀመረው በሚያውቀው መንገድ ነው። ደብተር ገዛ፤ በማስመሪያ መስመር አሰመረ። በአንድ ሳምንት ከአንድ ነገር በላይ አይለውጥም፤ ሁለት ነገር ከለወጠ የትኛው እንደጠቀመው አያውቅምና። በየሳምንቱ ከልጁ ጋር ስምንት ጨዋታ ይጫወታል፤ ስንተኛ ዙር ላይ ምን እንደወረደ፣ ማን እንዳሸነፈ ይጽፋል። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም ሳይለውጥ ተጫወተ፤ ከስምንት አንድ አሸነፈ። በሁለተኛው ሁለት ተራ ጉንዳን አውጥቶ ሁለት ሸረሪት አስገባ፤ ሦስት አሸነፈ። ሸረሪት ርካሽ ናት፤ ጉልበቷ አንድ ብቻ ነው፤ የሚበር ነገር ድሯ ላይ ካረፈ ግን አይነሳም። በሦስተኛው ሁለት ሸረሪት ጨመረ፤ አራት አሸነፈ። በአራተኛው ሞቶ የሚመለስ በረሮ ሞከረ፤ ወደ ሁለት ወረደ፤ በረሮውን አሰናበተው።

ልጅቷ እየተቆጣች ትዝናና ነበር። "ደግሞ ሸረሪት! አባዬ፣ ቤትህ ውስጥ መጥረጊያ የለም?"

"ደብተሩ ያለውን ነው የምሰማው።"

"ደብተሩ ክፉ ነው።"

በስምንተኛው ሳምንት ሸረሪቶቹ ስምንት ደረሱ፤ እሱም ከስምንት ስድስት አሸነፈ። ስልሳ አራት ጨዋታ ተመዝግቧል። ዓርብ ማታ ተራ ከመግባቱ በፊት ገጾቹን አገላብጦ አየ። መስመሩ ከአንድ ተነስቶ ወደ ስድስት ይወጣል፤ ያማረ ውጤት ነው። ሸሚዙ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል፤ እሱ ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገ ጥሩ ቀን ይሆናል ብሎ አሰበ።

ማጣሪያው ቅዳሜ በስምንት ሰዓት ተጀመረ። ባለ መደብሯ ስሞቹን በወረቀት ቆራርጣ እርሳስ መያዣ ቆርቆሮ ውስጥ ከተተች፤ ማን ከማን እንደሚገጥም በዕጣ ነው። አንድ ጊዜ የተገናኙ ሁለተኛ አይገናኙም። ከሦስት ጨዋታ ሁለት ያሸነፈ ግጥሚያውን ወሰደ። የሰውየው የመጀመሪያ ዕጣ ከአንድ ፀጉር አስተካካይ ጋር ወጣ።

ፀጉር አስተካካዩ የእሱ እኩያ፣ እጁም አፉም የማያርፍ ሰው ነው። ጥቅሉ አውራሪስ፣ ጎሽና ከርከሮ ነው። ሰውየው አንድ ሸረሪት አወረደ፤ ከርከሮው ረግጧት አለፈ። ሁለተኛ አወረደ፤ ጎሹ ረገጣት። ሦስተኛዋን ሲያወርድ ፀጉር አስተካካዩ ካርዱን አየና ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠ።

"ወንድሜ፣ ይሄ ጥቅል ነው ወይስ ያልተጠረገ ጣራ?"

በአጠገባቸው ያሉት ሁሉ ሳቁ። ሰውየውም ለይምሰል ፈገግ አለ። ሁለቱንም ጨዋታ ተሸነፈ።

ሁለተኛው ዕጣ ከአንዲት የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ጋር ነበር፤ ሴትየዋ አዞ ትጫወታለች። አዞ አይበርም። ያም ሁለት ለባዶ አለቀ። ሰውየው ደብተሩን ይዞ ወጣና በመጸዳጃ ቤቱ ኮሪደር፣ ከቧንቧው አጠገብ ቆሞ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አነበበ። ቀን። የጨዋታ ቁጥር። የወረደው ካርድ። ውጤት። ጣቱ መስመሩን ተከትሎ እስከ ዳር ሄደና ቆመ። የባላጋራ ስም የሚጻፍበት ዓምድ የለም። አላሰመረውም። ለማስመር አንድም ቀን አልታሰበውም።

ክው አለ። ላቦራቶሪው ውስጥ የባለቤቱ ስም ያልተጻፈበት ናሙና ከመጣ ያለ ጥያቄ ይደፋል፤ ራሱ ነው የሚደፋው። ከአንድ ሰው ክንድ ስልሳ አራት ጊዜ ደም ቀድቶ "የከተማው ሕዝብ እንዲህ ነው" ብሎ የሚጽፍ ባልደረባ ቢያገኝ እስክሪብቶውን ይቀማው ነበር። ስምንቱ ሸረሪቶች የዓለም ምርጥ ካርዶች አልነበሩም። ለአንድ ሰው ብቻ የተዘረጉ ወጥመድ ነበሩ። ስልሳ አራት ጊዜ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ የሳቀችው ያቺ ሰው ልጁ ናት።

ያን ዕለት የሚቀይርበት ሌላ ካርድ አልያዘም ነበር። ሦስተኛውንም ተሸነፈ። እሱ ከዚህ በኋላ ቢያሸንፍ ባያሸንፍ አያልፍም። ልጅቷ ግን ሁለት አሸንፋ አንድ ተሸንፋለች። የቀራትን አንድ ካሸነፈች ታልፋለች።

ባለ መደብሯ ቆርቆሮውን ነቀነቀች። የልጅቷን ስም አወጣች፤ ቀጥሎ እጇን ከትታ ሌላ ወረቀት ሳበችና ደግማ አነበበችው።

"ምነው እትዬ?" አለ ፀጉር አስተካካዩ።

"ከአባቷ ጋር ነው።"

"ጉድ ፈላ!"

ሰውየው ወደ ባለ መደብሯ ጠጋ ብሎ፣ "እትዬ፣ ሌላ ዕጣ ማውጣት አይቻልም?" አላት።

"ለአንተ ካወጣሁ ለሁሉም ላወጣ ነው። ዕጣ ዕጣ ነው፤ ተቀመጥ።"

ተቀመጠ። ልጅቷ ካርዷን እየበወዘች ነበር፤ ቀና አላለችም።

"እጅ እንዳትሰጠኝ፣" አለች በዝግታ።

"እኔ እኮ ወጥቻለሁ። ብሸነፍ ምንም..."

"አባዬ። ብትሰጠኝ አውቀዋለሁ። በስምንት ሳምንት ብቻ ስልሳ አራት ጊዜ ተጫውተናል፤ ምን ስትይዝ ምን እንደምትመስል አውቃለሁ። ሰጥተኸኝ ካለፍኩ እዚያ አዳራሽ ገብቼ አልጫወትም።"

"እሺ።"

"ማልልኝ።"

"እሺ አልኩሽ እኮ፣ ሚጡ።"

የመጀመሪያውን እሱ አሸነፈ፤ ሸረሪቶቹ ገና በአራተኛው ዙር ሜዳውን ሞሉት። ሁለተኛውን እሷ አሸነፈች፤ ሸረሪቶቹ ጥቅሉ ግርጌ ተቀብረው ቀሩ። ሦስተኛው ረዘመ። ሌሎቹ ግጥሚያዎች አልቀው ሰዎች ዙሪያቸውን ቆሙ። ሰውየው ከኋላው የሰው ትንፋሽ ይሰማዋል፤ ከኮት ላይ የእርጥብ ሱፍ ሽታ ይመጣል። ጀርባው ከወገቡ ጀምሮ ወደ ላይ ይጠዘጥዘዋል።

እሷ ሦስት ነጥብ ቀርቷታል፤ እሱ ሁለት። ሜዳው ላይ እሷ ሁለት የሌሊት ወፎች አሏት፤ በሚቀጥለው ተራዋ በጉንዳኖቹ ላይ በርረው ይጨርሱታል። እሱ አሁን ያወረዳቸው አራት ጉንዳኖች አሉት፤ የወረደ አውሬ በዚያው ተራ አይነክስም እንጂ፣ የሌሊት ወፍ ጉንዳን ስለማያግድ ሌላ አንድ ተራ ብቻ ቢያገኝ ይጨርሳት ነበር። ተራው የእሱ ነው። በእጁ ሁለት ሸረሪቶች አሉ፤ መኖውም ይበቃል።

ሁለቱንም ካወረደ ወፎቹ አያልፉም። ካላወረደ ልጁ ታልፋለች።

ማንም እጁን አላየም። ካርዶቹን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ የያዘውን የማያውቅ ይመስል፣ ትንሽ ቆየ። ማለፏን ይፈልጋል፤ ይህን ከልቡ ያውቀዋል። ነገር ግን ከዚያ ጋር ተቀላቅሎ ሌላም ነገር ነበር፦ እስከሚቀጥለው ማጣሪያ ሦስት ወር፣ አሥራ ሦስት ቅዳሜ፣ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት። በሥራው ላይ ሁለት ዓይነት ሴል ሲደራረቡበት የመስታወቱን ቦታ ጥቂት ገፋ አድርጎ ይለያቸዋል። ይህን ግን ወዲህም ወዲያም ቢገፋው አልለይ አለው።

ልጅቷ ቀና ብላ ፊቱን አየችው። 

"አውርዳቸው፣" አለች።

አወረዳቸው። መጀመሪያ አንዷን፣ ከዚያ ሁለተኛዋን፣ ጠርዛቸውን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካክሎ።

እሷ ተራዋን ያለ ምንም ነገር አሳለፈች። እሱ አራቱን ጉንዳኖች ወደ ፊት ገፋ። ከዙሪያቸው አንድ ሰው ብቻ አጨበጨበና እንዳላጨበጨበ እጁን ኪሱ ከተተ።

"ይኸው ቆጠራው ሠራለት፣" አለ ፀጉር አስተካካዩ፤ ሆኖም ድምፁ ውስጥ እንደ ወትሮው ቀልድ አልነበረበትም።

የመደብሩ ደንብ ተሸናፊው የአሸናፊውን ጥቅል በውዞ እንዲመልስ ነው። ልጅቷ የአባቷን ካርዶች ሰበሰበች፤ ሰባት ጊዜ በወዘች፤ አራቱን ጎን በመዳፏ አስተካክላ ፊቱ አስቀመጠች። ከዚያ፣ "እጄን ልታጠብ፣" ብላ ሄደች። ብዙ ቆየች።

ከመደብሩ ፊት ለፊት ባለው የሲሚንቶ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ጠበቃት። ስትመጣ አንድ ደረጃ ዝቅ ብላ ተቀመጠች። ታጥባ ስለነበር የግንባሯ ፀጉር ረጥቧል። መንገዱን ተሻግሮ ያለው ጋራዥ እየተዘጋ ነው፤ ሠራተኛው የብረት በሩን ጎትቶ ሲያወርድ ሁለቱም አዩት።

"ደስ ብሎሃል?" አለች።

ሊዋሽ አስቦ ነበር። አቅም አጣ።

"ትንሽ።"

"እኔም ተናድጃለሁ። ትንሽ አይደለም።"

"አውቃለሁ።"

"ከኔ ጋር ስትጫወት ከስምንት ስድስት ነው የምታሸንፈው። ከሌላ ሰው ጋርስ?"

"አልቆጠርኩም።"

"አንተ? አልቆጠርክም?"

"ከዛሬ በፊት ከሌላ ሰው ጋር አልተጫወትኩማ።"

ዞራ አየችው። "በሁለት ዓመት ውስጥ? አሥራ ሁለት ሰው ባለበት ክፍል?"

"የምመጣው ካንቺ ጋር ልጫወት ነው፣ ሚጡ። እነሱ ምን ያደርጉልኛል?"

 ልጅቷ ጉልበቷን አቅፋ የጫማዋን ማሰሪያ ታስራለች፣ ትፈታለች። የተናገረው ነገር በራሱ ጆሮ ከጠበቀው በላይ ራቁቱን ሆኖ ተሰማው፤ ሊያስተካክለው ፈለገ፤ ምኑን እንደሚያስተካክል አጣ።

"እኔ አንድ ቀን አልፋለሁ፣" አለች በመጨረሻ። ሲያስፈራሩ እንደሚባለው አልነበረም፤ ደክሟት ነው። "ዛሬ ባይሆን ከሦስት ወር በኋላ። እሱም ባይሆን ከዚያ በኋላ። ያን ጊዜ ቅዳሜ ምን ልትሆን ነው?"

"እተኛለኋ።"

"አልቀለድኩም።"

"እኔም።"

ሳቀች ሊባል አይችልም፤ በአፍንጫዋ አየር ወጣ። ቀጥላ፣ ለበሽተኛ የመድኃኒት አወሳሰድ እንደሚነገር ቁርጥ ቁርጥ አድርጋ፣ "ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ከኔ ጋር አራት ብቻ ነው የምትጫወተው። ሌላውን አራት ከነሱ ጋር። አራት ሸረሪት አውጣ። በሸረሪቶቹ ፈንታ ምን እንደምታስገባ እኔ አልነግርህም፤ ከነሱ ጋር ተጫውተህ ድረስበት፣" አለችው።

"እነሱ ይስቁብኛል።"

"ይሳቁብህ። እኔስ ስስቅብህ አልነበር?"

አውቶቡሱ መጣ። ከኋላው ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ እሱ ሦስት ፌርማታ ሳይቆይ አንቀላፋ፤ እሷም ትከሻዋን አልነፈገችውም። እናቷ ቤት በር ላይ ሲደርሱ ግን እንደ ሌላው ቀን አላቀፈችውም። "ቻው አባዬ፣" ብላ ገባች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰውየው ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ ሦስት ሰዓት ተኝቶ መጣ። ከስምንቱ ሸረሪቶች አራቱ ቤት ቀርተዋል፤ በእነሱ ቦታ አራት ተራ ጉንዳን፣ ለጊዜው ያህል። ልጅቷ ቀድማው ደርሳ ከመድኃኒት ቤት ሠራተኛዋ ጋር ጀምራለች። በአገጯ የጥግ ጠረጴዛውን አሳየችው። ፀጉር አስተካካዩ ብቻውን ተቀምጦ ካርድ ይበውዛል።

ሄዶ ወንበር ሳበ። "ሰው ይዘሃል?"

"አንተን ልይዝ ነዋ።" ፀጉር አስተካካዩ ጥቅሉን አስቀመጠ። "ሁለት ዓመት ሙሉ ጀርባህን ብቻ ነው የማውቀው። ከኋላ ፀጉርህን ማን እንደሚያስተካክልህ ሳስብ ነው የኖርኩት። ማነው እንዲህ የበደለህ?"

"ራሴ ነኝ።"

"በመስታወት?"

"በግምት።"

"ይታያል። በል ቁረጥ።"

ሰውየው የባላጋራውን ጥቅል ከመሐል ቆረጠ። ሰባት ካርድ ሳበ፤ አምስት ጉንዳን፣ ሁለት ምስጥ፤ የማይረባ እጅ ነው። በሁለተኛው ዙር ከርከሮው ወረደ፤ በአራተኛው ጎሹ። ፀጉር አስተካካዩ ስለ ጉልበቱ ሕመም፣ ከዚያ ስለ አንድ መላጣ ደንበኛው ሳያቋርጥ ያወራል። ሰውየው ግማሹን እየሰማ፣ ግማሹን እያለፈው፣ በጉንዳን ከርከሮን ማቆም የሚቻልበትን መንገድ ያሰላስላል። አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ወደ ልጁ ጠረጴዛ አየ። እሷ አላየችውም። ምላሷን በከንፈሯ መሐል ይዛ የአዞዎቹን ብዛት ትቆጥር ነበር።

"ተራው ያንተ ነው፣" አለ ፀጉር አስተካካዩ።